ክንድ የበላው እንጨት

ቲነር ሲሸተኝ ሆድ ይብሰኛል። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይይዛል፤ እኔ ግን ቆም ብዬ እስበውና ቀኑን ሙሉ ስከፋ እውላለሁ። ከጥቂት ወራት በፊት ጊዮርጊስን ተሳልሜ ወደ ታች ስወርድ፣ ሳይፈርስ ከቀረ አንድ አሮጌ ፎቅ ደረጃ ላይ ያ ሽታ መጣብኝ። ፒያሳ ውስጥ ከእንግዲህ ቲነር ይሸተኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። የማውቃቸው ቀለም ቀቢዎች፣ አናጢዎች፣ ልብስ ሰፊዎች አብዛኞቹ ከነቤታቸው የሉም። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራት ተተክሏል፣ አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል፤ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠው ሰው ግን አንዱንም አላውቀውም። እኔም ብሆን አሁን የምኖረው ከተማው ጫፍ ላይ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። ተወልጄ ያደግኩበት ሰፈር በሁለት ታክሲ እንደ እንግዳ እመጣለሁ። ለማንኛውም ሽታውን ተከትዬ፣ ጉልበቴን እየረገምኩ፣ ደረጃውን ወጣሁ።

ጠባብ ክፍል ውስጥ ስድስት ሰባት ጊታር ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አንደኛውን ሳይ ደነገጥኩ። ቀለሙ ሰማያዊ ነው፤ ክንድ የሚያርፍበት ጠርዝ ላይ ግን ሙልጭ ብሎ ተልጦ እንጨቱ ወጥቷል። ጀርባው በቀበቶ ዘለበት ተጫጭሯል፣ ብረቱ ዝጓል፣ አንገቱ በእጅ እድፍ ጠቁሯል። የማላውቀውን ባለቤቱን ከልቤ አከበርኩት።

«ይግቡ ጋሼ፤ ማንን ፈልገው ነው?» አለኝ ጢሙን ያሳደገ፣ በሠላሳዎቹ ዕድሜ የሚገመት ሰው። በኋላ ስሙ ናቲ መሆኑን ነገረኝ።

«ማንንም። ይሄን የተጫወተው ማን ነው?»

«የቱን? እሱን?» ሳቀ። «ማንም አልተጫወተበትም። ባለፈው ሳምንት ነው ሠርቼ የጨረስኩት።»

የሚቀልድብኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን አስቀምጦኝ በዝርዝር አስረዳኝ። አዲስ ጊታር ያመጡለታል፤ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል፣ ጀርባውን በቁልፍ ዘለላ ይቀጠቅጣል፣ ብረቱን ኮምጣጤና ጨው ውስጥ ነክሮ ያዝገዋል፣ የተላጠውን እንጨት በሻይ ቅጠል ያጠቁረዋል። ቀለሙ እንዲሰነጣጠቅ ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሮ ያወጣዋል። እንዲህ የተደረገው ጊታር ከአዲሱ በላይ ያወጣል አለኝ። «ጋሼ፣ ሰው አዲስ ነገር ያስፈራዋል። የመጀመሪያዋን ጭረት ያወጣ ቀን እንቅልፍ አይወስደውም። እኔ ጭረቱን ቀድሜ አወጣለትና ይገላገላል» አለ። አባባሉ የአራዳ ልጅ አባባል ስለሆነ ፈገግ አልኩ። ወዲያው ደግሞ የዚያን ሳምንት ጭንቀቴ ትዝ አለኝና ፈገግታዬ ጠፋ። እኔ የተላጠ ጊታር ገድያለሁ። እሱን ልንገራችሁ።

በእኛ ጊዜ መላጥ ነውር ነበር። ማኪያቶ በሽልንግ የሚጠጣበት፣ ቦላሌ ሱሪ ሠራተኛ ሰፈር ተለክቶ በሳምንቱ የሚወሰድበት፣ ጎፈሬ ውስጥ ሚዶ ሰክቶ የሚኬድበት ዘመን ነው። ያኔ ፒያሳ ላይ አንድ ወጣት ቁርሱን ሳይበላ ሊውል ይችላል፤ ጫማውን ሳያስጠርግ ግን ከቤቱ አይወጣም። እኛም ከሲኒማ ቤቱ ጀርባ ባለ አንድ ቡና ቤት አምስት ሆነን እንጫወት ነበር። ቢጫ ሸሚዝ አሰፍተናል፤ ኮሌታው ትከሻችን ላይ ይደርሳል። ቁመታችንን የሚጨምር ባለ ታኮ ጫማም ነበረን፤ ድራመሩ እሱን አድርጎ መምታት ስለማይችል መድረክ ላይ ሲወጣ ያወልቀው ነበር። የቡና ቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ዓይናቸው ጉድፍ አያልፍም። አንዲት ቁልፍ ከጎደለች፣ አንድ ጊታር ቀለሙ ከለቀቀ፣ «ቤቴን ለማኝ አስመሰላችሁት!» ብለው ይጮኻሉ። ስለዚህ ጳጉሜ ስትገባ፣ ሰው ለእንቁጣጣሽ ቤቱን እንደሚቀባው፣ የፒያሳ ሙዚቀኛም ጊታሩን ተሸክሞ አባ መስታወት ጋራዥ ይሰለፋል።

አባ መስታወት የመኪና ቀለም ቀቢ ነው። የቀባው ነገር ሁሉ ፊት ስለሚያሳይ ነው ያን ስም ያወጣንለት። ለጊታር ብሎ የሚያዘጋጀው ቀለም አልነበረውም፤ በዚያ ሰሞን ለመኪና ከበጠበጠው የተረፈውን ይረጭልሃል። ታክሲ የቀባ ቀን ከሄድክ ጊታርህ እንደ ታክሲ ሰማያዊ ሆኖ ይመጣል። አንድ ዓመት የሦስት ባንድ ጊታሮች እኩል ሰማያዊ ሆነው የሰፈሩ ልጆች «ፒያሳ! ፒያሳ! ሁለት ሰው የቀረው!» እያሉ አላገጡብን። የእኔ ጊታር ስድስት ቀለም ደራርቦ ነበር። አንዴም ሲላጥ አላየሁትም፤ አንዴም የእኔ መስሎኝ አያውቅም።

እምቢ ያለው ሸዋንግዛው ብቻ ነው። እሱ ዋናውን ጊታር ይጫወታል፣ እኔ አጃቢውን። ቀይ ጊታሩን ወደ አገሩ ሊመለስ ከነበረ ፈረንጅ አስተማሪ ነው የገዛው፤ ከገዛው ጊዜ ጀምሮ ብሩሽ አላስነካውም። ሁልጊዜ እጅጌውን ጠቅልሎ ነው የሚጫወተው። ላቡና ክንዱ ቀለሙን ቀስ በቀስ በሉት፤ መጀመሪያ ቀዩ ደበዘዘ፣ ከዚያ ከሥሩ ያለው ነጭ መጣ፣ በመጨረሻም እንጨቱ ራሱ ወጥቶ እንደ ተጠበሰ ዳቦ ቡኒ ሆነ። ወይዘሮዋ ጮኸው ጮኸው ሲሰለቻቸው መድረኩ ላይ ከኋላ አቆሙት። እኔም በየጳጉሜው እጨቀጭቀው ነበር።

«ለምን አታሳድሰውም? ሰው ምን ይላል?»

«ወርቁ፣ ክንዴ ቦታውን ያውቀዋል። ከቀባኸው እኮ እንደ አዲስ ተከራይ ነው የሚሆንብኝ።»

ይሄን ብሎኝ ነበር። አልሰማሁም አልልም፤ ሰምቼዋለሁ።

ከዚያ ዘመኑ ከፋ። እንዴት እንደከፋ ሌሎች ይጻፉት። ቡና ቤቱ ተዘጋ፣ ቢጫው ሸሚዝ የቤት ልብስ ሆነ፣ አምፕሊፋየሩን ማን እንደወሰደው እስከ ዛሬ አላውቅም። ሸዋንግዛው ዶሮ ማነቂያ አንዲት ክፍል ቤት ተከራይቶ አግብቶ ነበርና ከሰዓት ከሰዓት እየሄድኩ አብሬው እቀመጣለሁ። የኤሌክትሪክ ጊታር ያለ ኤሌክትሪክ ድምፁ የዝንብ ያህል ነው። እሱ ግን ጉንጩን እንጨቱ ላይ ለጥፎ ባቲውን፣ አምባሰሉን ለራሱ ይጫወታል። ለመስማት ስል አጠገቡ ጠጋ እላለሁ። ሚስቱ ዘነበች ነፍሰ ጡር ነበረች፤ «ለሁለታችሁ ብቻ ነው እንዴ የምትጫወቱት? እኛስ?» ትለን ነበር፤ እኛ የምትለው እሷንና ሆዷ ውስጥ ያለችውን ነው። ልጅቷ ሰናይት ተባለች። ሰናይት ሰባት ወር ሲሞላት ሸዋንግዛውን ሳል ጀመረው፤ ክረምቱን አልተሻገረም።

አርባው በወጣ ማግስት ዘነበች ጊታሩን ከነሳጥኑ ሰጠችኝ። «ውሰድልኝ ወርቁ። ባየሁት ቁጥር ክንዱን አያለሁ፤ አልቻልኩም። ለልጁ አስቀምጥላት» ብላኝ ወላጆቿ ጋ ደሴ ገባች። ሙት ዓመቱ ሲደርስ እሷ መምጣት ስላልቻለች እኛ የባንዱ ልጆች እዚሁ ድንኳን ተክለን ልናበላ ተነጋገርን። ፎቶው ይቆማል፣ ከጎኑ ደግሞ ጊታሩ ይሁን ተባለ። ሳጥኑን ከፍቼ ሳየው አፈርኩ። የሞተ ጓደኛዬ ዕቃ እንዲህ ተገሽልጦ ሰው ፊት ሊቆም ነው? «ልጁ ሲሞት ጊታሩን እንኳ የሚያሳድስለት ወዳጅ አጣ» ሊባል ነው? ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይሄ ነው። ተሸክሜ አባ መስታወት ጋ ሄድኩ።

«እንዴት ላድርገው?» አለኝ።

«አዲስ አስመስለው።»

በአራተኛው ቀን ስሄድ ቀይ ሆኖ፣ አብረቅርቆ፣ ፊቴን አሳየኝ። እዚያው የጋራዡ በርሜል ላይ ተቀመጥኩና ጭኔ ላይ አደረግኩት። ክንዴን ሳሳርፍ ተንሸራተተ። ያኔ ገባኝ። ጓደኛዬ በዚህ ዓለም ላይ ትቶት የሄደው ምልክት ያ ብቻ ነበር፤ ዜማውን ማንም አልቀዳለትም፣ መጽሐፍ አልጻፈም፣ ድምፁ የለም። ያችኑ አንዲት ቦታ እኔ ከፍዬ አስጠፋኋት። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ብዬ ዝም አልኩ። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ ጊታሩን እያየ «ወዳጅ ማለት እንዲህ ነው፤ እንዴት አድርጎ አሳመረለት!» እያለ አመሰገነኝ። ምስጋናውን ከወጡ ጋር ዋጥኩት። ከዚያ ወዲህ ሳጥኑን ከአልጋ ሥር አላወጣሁትም። ቤት ሲፈርስ፣ ወደ ኮንዶሚኒየም ስንገባ እንኳ ሳልከፍተው ነው የተሸከምኩት።

ከአርባ ዓመት በኋላ ናቲ ቤት በሄድኩበት ሳምንት መጀመሪያ ላይ ስልክ ተደወለልኝ። «ጋሽ ወርቁ ነዎት? ሰናይት ነኝ፤ የሸዋንግዛው ልጅ፣ ከደሴ» አለች። እናቷ አርፋለች። ከማረፏ በፊት ስለ እኔ ነግራታለች። «እማዬ ‹የአባትሽ ክንድ እንጨቱን በልቶት ቦታው ጊታሩ ላይ አለ፤ ሄደሽ ዳብሺው› አለችኝ። እኔ አባቴን በአንዲት ፎቶ ነው የማውቀው፤ እሷም ደብዝዛለች። አርባዋ እንደወጣ ልምጣ፣ ጋሼ?»

«ነዪ ልጄ፤ ይጠብቅሻል» አልኩ። አፌ ቀደመኝ። ስልኩን ከዘጋሁት በኋላ ነው ምን እንዳልኩ ያወቅኩት። ሦስት ሌሊት አልተኛሁም። መልሼ ደውዬ እውነቱን ልነግራት ስልኩን አነሳለሁ፣ አስቀምጠዋለሁ። ጊዮርጊስም የሄድኩት ለዚሁ ነው፤ እውነቱን የምናገርበት ድፍረት ስጠኝ ልለው ነበር። ተሳልሜ ስወርድ የጠበቀኝ ግን የቲነር ሽታ ሆነ።

በማግስቱ ጊታሩን ይዤ ናቲ ጋ ተመለስኩና ሁሉንም ነገርኩት። እሱ መጀመሪያ ተስፋ ሰጠኝ። «ምናልባት የላይኛውን ቀለም ብቻ ቀስ ብለን ብናነሳው አሮጌው ከነመላጡ ከሥር ይኖራል» አለ። ጥግ ላይ፣ በጣት ስፋት፣ በቀጭን ምላጭ ሲያነሳ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከቀዩ ሥር ስቱኮ መጣ። ከስቱኮው ሥር ደግሞ ሙልጭ ብሎ የተላገ ነጭ እንጨት። አባ መስታወት ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ከመቀባቱ በፊት ሁሉንም ፍቆ፣ ስርጉዱን ሞልቶ፣ አስተካክሎታል።

«ምንም የለም፣ ጋሼ» አለኝ ናቲ።

«እንግዲያው አንተ ሥራው።»

«ምኑን?»

«እዚያ ሰማያዊው ላይ የሠራኸውን።»

ምላጩን አስቀመጠ። «ጋሼ፣ ይሄ ሌላ ነው። የእኔ ደንበኞች ውሸት መሆኑን ያውቃሉ፤ አውቀው ነው የሚገዙት። እሷ ግን አታውቅም። ለምን እውነቱን አይነግሯትም?»

«ከደሴ ድረስ መጥታ ምን ላስነካት? የጋራዥ ቀለም?»

«ይቅርታ ቢሏት እሱም አንድ ነገር ነው።»

«አንተ ሥራህን ሥራ!» ብዬ ጮህኩበት። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እኔም በዚህ ዕድሜዬ በሰው ቤት ጮህኩ። ናቲ አልተቀየመኝም። እርሳስ አነሳና «እሺ። የት ጋ ነበር?» አለኝ።

እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ፊቱን አየዋለሁ፣ የተጠቀለለ እጅጌውን አየዋለሁ፣ ጉንጩን እንጨቱ ላይ ሲለጥፍ አየዋለሁ። ቦታው ግን አይመጣልኝም። ያን ሁሉ ዓመት ቦታው ከዓይኔ አልጠፋም እያልኩ ራሴን ስሰድብበት ኖሬ፣ ለካ ስድቡን እንጂ ቦታውን አላስቀመጥኩትም። ናቲ ይጠብቃል። ጊታሩን ተቀበልኩት፣ ጭኔ ላይ አደረግኩት፣ የራሴን ክንድ አሳረፍኩ። «እዚህ» አልኩ። ናቲ ክንዴን ዙሪያውን በእርሳስ ተከተለው። አሥር ቀን ሠራበት። ቀዩን አደበዘዘው፣ እንጨቱን አወጣው፣ በሻይ ቅጠል አጠቆረው። ስወስደው ዋጋ ብጠይቀው እጁን አወዛወዘልኝ እንጂ አልተቀበለኝም።

ሰናይት ቅዳሜ ዕለት መጣች። ጥቁር ለብሳለች፣ ረጅም ናት፣ አረማመዷ የሸዋንግዛው ነው። «መጀመሪያ የነበረበትን ያሳዩኝ» አለችኝ። አባቷ የሚጫወትበትን ቡና ቤት ላሳያት ሄድን፤ አስፋልት ሆኗል። ዶሮ ማነቂያ ተከራይቶ የነበረበትን ቤት ላሳያት ሄድን፤ ባዶ ሜዳ ነው፣ ዙሪያው በቆርቆሮ ታጥሯል። «እዚህ ጋ ደረጃ ነበር፣ እዚያ ጋ የልብስ ሰፊ ሱቅ ነበር» እያልኩ በጣቴ አየሩን እጠቁማለሁ፤ እሷም ጣቴን ተከትላ ታያለች። በመጨረሻ ደከመንና ከአዲሶቹ አግዳሚ ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀመጥን። ሳጥኑን በመካከላችን አድርጌ ከፈትኩት።

ብዙ ጊዜ ሳትነካው ቆየች። ከዚያ በጣቷ ጫፍ የተላጠውን ቦታ ዳሰሰችው፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ። እንባዋ ድምፅ አልነበረውም። እኔም አለቀስኩ፤ እሷ ግን ምን እንደሚያስለቅሰኝ አላወቀችም። ጊታሩን አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችውና ክንዷን አሳረፈች። ክንዷ ከቦታው አለፈ።

«እማዬ ‹ክንድሽ የአባትሽ ነው፤ ረጅም› ትለኝ ነበር» አለችኝ ግራ ተጋብታ። «የእሱ ግን እዚህ ጋ ነው የሚያልቀው። አጭር ነበር እንዴ?»

እውነቱን የምናገርበት ቦታ ይሄ ነበር፤ ከዚህ የተሻለ አልነበረም። በሩን ከፈት አድርጋ ሰጥታኝ ነበር። እኔ ግን «አይ፣ ረጅም ነው። ሲጫወት ግን ወደ ራሱ ሰብሰብ ያደርገው ነበር» አልኳት።

ፊቷ በራ። ክርኗን አጥፋ፣ ትከሻዋን ሰብስባ፣ ክንዷን ወደ ውስጥ ጎትታ፣ የእኔ ክንድ ባረፈበት ቦታ ላይ ልክክ አደረገችው። «አገኘሁት» አለች። እዚያው ወንበር ላይ እንደዚያ ተጠቅልላ ብዙ ደቂቃ ተቀመጠች። በነጋታው ጊታሩን ይዛ ደሴ ተመለሰች።

ባለፈው እሑድ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ደስ ያለው ነው። ጊታር መማር ጀምራለች። አስተማሪዋ ግን በየቀኑ ይቆጣታል አለችኝ፤ «‹ክንድሽን ዘርጊው፤ እንዲህ ታስሮ መጫወት የለም፤ ትከሻሽን ትጎጂዋለሽ› ይለኛል። እኔ ግን አልሰማውም፣ ጋሼ። ‹አባቴ እንዲህ ነበር የሚይዘው› እለዋለሁ።»

«ጎበዝ» አልኳት።